ሐረካት ማለት ምን ማለት ነው?



ልጆች የማስቀራ የመድረሳ አስተማሪ ነኝ። አሊፍ ባ ታን የጨረሰ ልጅ ቀጥሎ የሚቀራው ሐረካትን ነው። ፈትሐ፣ ከስራ፣ ደማ። የዐረብኛ ፊደል ለብቻው ሲቆም ለጀማሪ ልጅ ድምፅ የለውም። ከላይ ወይም ከታች ያቺ ትንሽ ምልክት ስትቀመጥበት ነው የሚነበበው። ባ በፈትሐ «በ»፣ በከስራ «ቢ»፣ በደማ «ቡ» ይሆናል። ሐረካት ማለት ይኸው ነው፤ በቋንቋ ትርጉሙ «እንቅስቃሴዎች» ማለት ነው። ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ጥር 28 ቀን 2005 ማታ የመንግሥት ቴሌቪዥን «ጀሃዳዊ ሐረካት» የሚል ዘጋቢ ፊልም አስተላለፈ። ጉዳያቸው ያኔ ገና በፍርድ ቤት እየታየ የነበሩ ኮሚቴዎቻችን በሽብር ስም ተስለው ቀረቡ። ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት አንድ ልጅ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ሳይገለብጥ ተቀምጦ አየሁትና «ምነው ልጄ፣ አትጽፍም?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ኡስታዝ፣ ሐረካት መቅራት ያሳስራል እንዴ?» አለኝ። ሌሎቹ ልጆች አልሳቁም። ሁሉም መልሴን ይጠብቁ ነበር።

ያን ቀን ለልጁ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። «አያሳስርም፣ ጻፍ» አልኩት። ጥያቄው ግን ከእኔ አልወጣም። አንድ ቃል ከቂርኣት ቤታችን ተወስዶ በሁለት ሰዓት ዜና ማግስት የፍርሃት ቃል ሆኖ ተመለሰልን። ልጁ ስለ ፖለቲካ የሚያውቀው ነገር የለም። አንድ ሰው ግን ቃሉን ቀይሮበታል፤ ቃሉ ሲቀየርበት ደግሞ ስለ ራሱ፣ ስለ አስተማሪውና ስለ መድረሳው ያለው አስተሳሰብ አብሮ ተቀየረ። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ስለዚህ ነው። የምንናገረው ቋንቋና በውስጡ የምንቀበለው ስም ስለ መንግሥት፣ ስለ መብትና ስለ ወንድማችን የምናስበውን እንዴት አድርጎ እንደሚቀርፅ ነው።

«ሰው ታስሮ ሳለ ስለ ቃል ማውራት ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእስር ቤት በር በሰዋስው አይከፈትም። ነገር ግን የሆነውን በቅደም ተከተል እናስታውስ። ኮሚቴዎቻችን በሐምሌ 2004 ከመታሰራቸው በፊት ለወራት ስም ሲወጣላቸው ነበር። ፖሊስ የመጣው ስሙ ከመጣ በኋላ ነው። ስሙ ሲለመድ ጎረቤት «ሳይኖርባቸው አይቀርም» ማለት ይጀምራል፤ ጎረቤት እንዲህ ካለ በኋላ ማሰር ቀላል ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእኛን ግን ያወጣው ካድሬ ነው።

ይህ ነገር በእኛ የተጀመረ አይደለም። ለዚህችም አገር አዲስ አይደለም። በ615 እ.ኤ.አ የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ወደ ሐበሻ ምድር ሲመጡ ቁረይሾች አምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ከኋላቸው ላኩ። መልእክተኞቹ መጀመሪያ ያደረጉት ለሙሃጂሮቹ ስም ማውጣት ነበር። የሕዝባቸውን ሃይማኖት የተዉ፣ በእናንተም ሃይማኖት ያልገቡ፣ አዲስ ነገር ያመጡ ጅሎች ናቸው አሏቸው። በቤተ መንግሥቱ ለነበሩት ሹማምንትም ንጉሡ ሰዎቹን ሳያነጋግር አሳልፎ እንዲሰጣቸው እንዲመክሩት አስቀድመው ነገሯቸው። የሴራው ዋና ነገር ይኸው ነበር፤ ሰዎቹ እንዳይናገሩ፣ ስለ እነሱ ሌላ ሰው እንዲናገር።

ነጃሺ እምቢ አለ። ሰዎቹ ተጠርተው ራሳቸው ይናገሩ አለ። ያኔ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ ቆመና ማንነታቸውን በራሱ አንደበት ተናገረ። ቀድሞ ምን እንደነበሩ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን እንዳስተማሯቸው፣ እውነት መናገርን፣ አማናን መመለስን፣ ዝምድናን መቀጠልን፣ ለጎረቤት መልካም መሆንን አንድ በአንድ ዘረዘረ። መልእክተኞቹ በሰጡት ስም ላይ አልተከራከረም። በስሙ ፈንታ ሥራቸውን አስቀመጠ። ንጉሡም ሰማና ፈረደ። «ድምፃችን ይሰማ» የሚለው ቃላችን ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው እኔ ይህን ታሪክ እነግረዋለሁ። በዚህ ምድር ላይ የመጀመሪያው የሙስሊሞች ጥያቄ ይህ ነበር፤ በዚህ ምድር ላይ ተሰምቶም ነበር።

ቁርኣን ራሱ የአንድ ቃል ምርጫ ምን ያህል እንደሚከብድ አስተምሮናል። ሰሐቦች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲያናግሩ «ራዒና» ይሉ ነበር። «ተመልከተን፣ ጠብቀን» ለማለት ነው። ነገር የሚፈልጉ ሰዎች ይህን ቃል አጣመው ስድብ አደረጉት። በሱረቱል በቀራ 104ኛው አያ ላይ አላህ (ሱ.ወ) ምእመናንን ያንን ቃል ተዉና «ኡንዙርና» በሉ ብሎ አዘዛቸው። ሁለቱ ቃላት በትርጉም የሚቀራረቡ ናቸው። የሰሐቦች ኒያም ንፁህ ነበር። ቢሆንም ጠላት የሚጫወትበት ቃል በምእመን አፍ እንዲቆይ አልተፈቀደም። እኔ ከዚህ አያ የምማረው ቃል የኒያችን ልብስ ብቻ አለመሆኑን ነው። ሌላው ሰው እጁን የሚያስገባበት በርም ነው።

አሁን ወደ ቅርቡ ታሪካችን እንምጣ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አባቶቻችን በአዲስ አበባ አደባባይ ወጡ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ነበር፤ ከእነሱ ጋር የተሰለፉ ክርስቲያን ወንድሞችም ነበሩ። ከጥያቄዎቻቸው መካከል የሃይማኖት እኩልነት፣ የሃይማኖትና የመንግሥት መለያየትና የበዓሎቻችን መከበር ይገኙበታል። ከእነዚህ ጋር አንድ የቃል ጥያቄም ነበረበት። በዚያ ዘመን የመንግሥት ቋንቋ እኛን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ነበር የሚለን። አባቶቻችን «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን» አሉ።

ልዩነቱን በጥሞና ተመልከቱት። «በኢትዮጵያ የሚኖር» ማለት ተከራይ ማለት ነው። ተከራይ ቤቱ እንዴት ይታደስ ብሎ አይጠይቅም፤ አከራዩ እንዳያስወጣው ብቻ ይጠነቀቃል። «ኢትዮጵያዊ ሙስሊም» ያለ ሰው ግን የቤቱ ልጅ ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ ይናገራል። በአንዱ ቃል ውስጥ ሆኖ መብት መጠየቅ ድፍረት ነው፤ በሌላው ቃል ውስጥ ሆኖ ዝም ማለት ነው ነውሩ። አባቶቻችን ይህ ስለገባቸው ከእንጀራ ጥያቄ እኩል የስም ጥያቄ ይዘው ወጡ። ብዙም ሳይቆይ በደርግ መጀመሪያ ዓመታት ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የአገሪቱ በዓላት ሆኑ። ዛሬ ልጆቻችን በኢድ ቀን ትምህርት ቤት የማይሄዱት አንድ ቀን ሰዎች «የሚኖሩ» የሚለውን ቃል አንቀበልም ስላሉ ጭምር ነው።

ተከራይ የሚለው ስም ግን በሌላ ልብስ ተመልሶ መጣ። ያኔ «ነባሩ እስልምና» እና «መጤው እስልምና» የሚባል አነጋገር በየስብሰባው እንሰማ ነበር። መዲና ሳይደርስ ሐበሻ የደረሰ ዲን፣ የቢላልና የኡሙ አይመን ወገኖች በምንኖርበት አገር «መጤ» የሚለው ቃል ሲነገር የሚያስቅ ይመስላል። ግን አያስቅም። ማን ነባር ማን መጤ እንደሆነ የሚወስነው መንግሥት ከሆነ ዲናችንን የሚያስተምረን መንግሥት ሆነ ማለት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ከሦስቱ ጥያቄዎቻችን አንዱ የአህባሽ አስተምህሮ በግድ አይጫንብን የሚለው የሆነውም ለዚህ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የጎዳን ቃል ግን «አክራሪ» ነው። ማክረር በእናቶቻችን እጅ የሚታወቅ ሥራ ነው። ጥጥ ስትፈትል የቆየች እናት ክሩን አጥብቃ ስታዞረው «አከረረችው» ይባላል። እንግዲህ አክራሪ ማለት ከልክ በላይ ያጠበቀ ማለት ነው። ልኩ ግን ማን ጋር ነው? ቃሉ መለኪያውን ሳይናገር ፍርዱን ብቻ ይናገራል። ለዚህ ነው ጺም ያሳደገውም፣ ኒቃብ የለበሰችውም፣ ለመጅሊስ ምርጫ ፊርማ ያሰባሰበውም በአንድ ቃል የተጠቀለሉት።

በአገራችን 55 ቀን ሙሉ ሑዳዴን የሚጾም ክርስቲያን ጎረቤት አለን። «ጾም አጥባቂ ነው» እንለዋለን፤ ምስጋና ነው፤ ይገባዋልም። ዙህርን ለመስገድ ከሥራው አሥር ደቂቃ የጠየቀ ሙስሊም ግን «አክራሪ» ተባለ። ማጥበቅና ማክረር በአንድ ገመድ ላይ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። ሁለቱም ሰዎች ያደረጉት ለፈጣሪያቸው ያለባቸውን መጠበቅ ነው። ለአንዱ የምስጋና ቃል፣ ለሌላው የክስ ቃል ሲሰጥ የሚሰማው ሰው ሳያስበው ፍርድ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ጎረቤታችንን አንወቅስበትም፤ እሱም እንደ እኛ የሰማውን ቃል ነው የሚናገረው።

እኛ ደግሞ የራሳችን መለኪያ አለን። በዲን ወሰን ማለፍ ጉሉው ይባላል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀውናል። ሌሊቱን ሁሉ እሰግዳለሁ ያለውን፣ ሳላቋርጥ እጾማለሁ ያለውንና አላገባም ያለውን ሦስቱን ሰዎች እንዴት እንዳረሟቸው ከእናንተ የማያውቅ የለም። ያረሟቸው የሠሩትን ወይም ሊሠሩ ያሰቡትን ጠቅሰው ነው። ስለዚህ ወሰን ያለፈ ሰው በመካከላችን የለም አልልም። ካለ ምን እንዳደረገ ተነግሮ በማስረጃ ይታረማል፣ ወንጀል ከሠራም በሕግ ይጠየቃል። ሥራው ሳይነገር ስሙ ብቻ የሚነገርበት ሰው ግን አልተፈረደበትም፤ ተሰድቧል።

የዚህን ቃል ባዶነት ያሳየችኝ አያቴ ናት። አያቴ ከስልጥኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አትሰማም። ለኢድ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ ቴሌቪዥን ተከፍቶ ስለ ኮሚቴዎቻችን ሲወራ «ምን እያሉ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ልተረጉምላት ጀመርኩ። «አክራሪዎች ናቸው እያሉ ነው» ለማለት ብፈልግ በእሷ ቋንቋ እሷ የምትረዳው ቃል አጣሁ። «የሚያጠብቁ» አልኳት። «ምኑን?» አለችኝ። «ዲናቸውን» አልኳት። «ታዲያ እሱማ ደግ ነው» አለችኝ። በመጨረሻ ቃሉን ትቼ ያደረጉትን ነገርኳት። «ሕዝቡ መረጣቸው። የመጅሊስ መሪዎቻችንን በየመስጂዳችን እንምረጥ፣ የማናምንበት ትምህርት አይጫንብን፣ አወሊያ በሕዝብ ይተዳደር ብለው ወደ መንግሥት ሄደው ጠየቁ» አልኳት። ጥቂት አሰበችና «ጠየቁ? ከዚያስ?» አለችኝ። «ከዚያ ታሰሩ።» «ስለ መጠየቅ?» አለችኝ።

በዚያው ክፍል ውስጥ አማርኛ አሳምሮ የሚሰማ የአጎቴ ልጅ ነበረ። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ሰጋጅ ነው፣ ቅን ልጅ ነው። እሱ ያንኑ ዜና ሰምቶ «ግን እኮ ትንሽ አክርረውታል» ነበር ያለው። ምኑን እንዳከረሩት ብጠይቀው መልስ አልነበረውም። ያልተማረችው አያቴ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀችው ከእሱ ብልህ ስለሆነች አይደለም። ያ ቃል ስላልደረሳት ነው። እሱ ግን ሥራውን ሳያይ ቃሉን ቀድሞ ተቀበለ። ሁለት የአንድ ቤት ሰዎች፣ አንድ ዜና፣ ሁለት አስተያየት። በመካከላቸው የነበረው ቋንቋ ብቻ ነው።

ቋንቋ ሌላም ሥራ ይሠራል፤ ሠሪውን ይደብቃል። በሚያዝያ 2004 በአሳሳ፣ በጥቅምት 2005 በገርባ ሰዎች በጥይት ሲወድቁ የሰማነው አነጋገር «ግጭት ተፈጠረ»፣ «የሰው ሕይወት ጠፋ» የሚል ነበር። ሕይወት እንደ መርፌ ከእጅ ወድቃ የምትጠፋ ይመስል። ማን ተኮሰ? ማን አዘዘ? ዐረፍተ ነገሩ ባለቤት የለውም። ባለቤት የሌለው ዐረፍተ ነገር ደግሞ ተጠያቂ የለውም። የእኛ ሽማግሌዎች ይህን አነጋገር ከዚህ በፊት ያውቁታል። በቀይ ሽብር ዘመን ሬዲዮው «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» ይል ነበር። ተገደሉ ማለቱ ነው። የተገደሉትም አስቀድመው «አናርኪስት»፣ «አድኃሪ» የሚል ስም የወጣላቸው የሰው ልጆች ነበሩ። ያ ዘመን አልፎ እናቶች ሲናገሩ «ልጄን ገደሉብኝ» ነው ያሉት እንጂ «እርምጃ ተወሰደበት» ያለች እናት የለችም። የእናት ቋንቋ ሠሪውን አይደብቅም። እኛም የሆነብንን ስንናገር በእናቶች ቋንቋ እንናገር፤ ሳንጨምር፣ ሳንቀንስ፣ ማን ምን እንዳደረገ።

እስካሁን ያወራሁት ሌሎች በእኛ ላይ ስለጫኑት ቃል ነው። አሁን እኛው በራሳችን ላይ ስለጫንነው ልናገር።

በአንድ የጁሙዓ ቀን ከሶላት በኋላ አንድ ትልቅ አባት እጄን ያዙና «ልጄ፣ ይኸው መስጂድ ፈቅደውልን፣ ሐጅ ፈቅደውልን፣ በዓል ሰጥተውን፣ ችለው እያኖሩን ነው፤ ምነው ብትተዉት?» አሉኝ። አባታችን የተናገሩት ከፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ከባሰ ዘመን የመጡ ሰው ስለሆኑ ከምስጋናም ጭምር ነው። እጃቸውን ስሜ «ልክ ነው አባ፣ አልሐምዱሊላህ» አልኳቸው። ግን ቃላቸውን አንድ በአንድ እንቁጠረው። ፈቀዱልን። ሰጡን። ቻሉን። አኖሩን። አራቱም የተከራይ ቃላት ናቸው። የፈቀደ ሰው ነገ ይከለክላል። የሰጠ ሰው ነገ ይነሣል። የቻለ ሰው አንድ ቀን ይሰለቻል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ላይ የተጻፈው የሃይማኖት ነፃነት ግን ስጦታ ተብሎ አልተጻፈም፤ መብት ተብሎ ነው። በሰላም ተሰብስቦ አቤቱታ ማቅረብም በአንቀጽ 30 መብት ነው። ምስጋናችን ለአላህ ነው። ለመንግሥት የሚገባው ሥራውን ሲሠራ መልካም ቃል፣ ሳይሠራ ሲቀር ጥያቄ ነው።

ይህ የአባታችን ብቻ ችግር አይደለም፤ ቋንቋችን ራሱ ያሳደገን እንዲህ ነው። «መንግሥት» የሚለው ቃል ከመንገሥ የመጣ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪ ወንድሞቻችንም «ሞቱማ» ሲሉ በውስጡ «ሞቲ»፣ ንጉሡ አለ። ቃሉን በጠራን ቁጥር ዙፋን ይታየናል፤ ዙፋን ሲታየን ደግሞ ጎንበስ እንላለን። በዚያ ላይ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ በጆሯችን አለ። ደጅ መጥናት፣ እጅ መንሳት፣ ይማሩን ማለት በአፋችን ሞልቷል። እኩል ለእኩል የምንጠይቅበት ቃል ግን ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ይህ እንቅስቃሴ ከጅምሩ «ጥያቄ» የሚለውን ቃል አጥብቆ የያዘው። «ልመናችን» አላልንም፤ «ጥያቄያችን» አልን። ይህንን ቃል እንጠብቀው።

ሌላ የራሳችን ጥፋት ደግሞ አለ፤ ይህኛው ይበልጥ ያመኛል። ስም ሲወጣብን የምንጮኸው እኛ ስም ማውጣት ለምደናል። በተቃውሞ ያልወጣውን «ሙናፊቅ»፣ የፈራውን «ካድሬ»፣ በአንድ ነገር ከእኛ የተለየውን ሁሉ «አህባሽ» እንል ነበር። በማውቀው አንድ መስጂድ ለዓመታት ያሰገዱ አሮጌ ኢማም በግዳጅ ለሥልጠና ተጠርተው ስለሄዱ ብቻ አንዳንድ ወጣቶች ከኋላቸው መስገድ ተዉ። ሄጄ አነጋገርኳቸው። ሳይወዱ እንደሄዱ፣ የተባሉትንም እንዳላስተማሩ ነገሩኝ። ማንም ግን ጠይቋቸው አያውቅም። «ምን አደረጉ?» የሚለውን ጥያቄ ዘለን ስሙን ሰጠናቸው። በእኛ ላይ የተደረገው በትክክል ይኸው ነው። ሱረቱል ሑጁራት በመጥፎ ስም መጠራራትን የከለከለው ለሌላው ወገን ብቻ አይደለም። ቲቪው ያወጣልንን ስም የምንጠላ ከሆነ፣ በየመስጂዱ በረንዳ የምናወጣውን ስም አብረን እንጥላው። የክርስቲያን ወንድሞቻችንንም ነገር «እነሱ» በሚል አንድ ቃል አንጠቅልለው። በ1966 ከአባቶቻችን ጋር የተሰለፉት እነማን እንደነበሩ አንርሳ።

የዚህ ሕዝብ ቋንቋ አንድ አይደለም። በአንድ ሶፍ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ስልጥኛ፣ ጉራጊኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ሐረሪኛ፣ ትግርኛ፣ አርጎብኛ የሚናገር ትከሻ ለትከሻ ይቆማል። የቋንቋችን መለያየት ከአላህ ምልክቶች አንዱ እንደሆነ ሱረቱ ሩም ነግሮናል። ይህ ጽሑፍ ግን በአማርኛ ነው፤ ቤት ያለችው እናት ላታነበው ትችላለች። እያንዳንዳችን ለየቤታችን ተርጓሚዎች ነን። ስትተረጉሙ የአያቴን ነገር አስታውሱ፤ ስያሜውን ተዉና ሥራውን ንገሩ። «አክራሪ ተባሉ፣ አሸባሪ ተባሉ» አትበሉ። ማን እንደመረጣቸውና ምን እንደጠየቁ ንገሩ። ሥራ በየትኛውም ቋንቋ ይተረጎማል፤ ስድብ ግን ከተፈጠረበት ቋንቋ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይቀራል።

እንግዲህ ከዛሬው ጁሙዓ ጀምሮ ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ በሥራ ቦታም ሆነ በታክሲ ውስጥ አንድ ሰው «አክራሪ» ሲል ብንሰማ አንቆጣ፤ በለሰለሰ አንደበት «ምን አደረጉ?» ብለን እንጠይቅ። ሙሳና ሃሩን (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዓውን ሲላኩ እንኳ የታዘዙት ለስላሳ ቃል እንዲናገሩ ነው። ሁለተኛ፣ «ፈቀዱልን» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣ፤ በተለይ ልጆች በሚሰሙበት ቦታ። ሦስተኛ፣ በወንድማችን ላይ ስም ከማውጣታችን በፊት ሄደን ራሱን እንጠይቀው። ነጃሺ ለእንግዶች ያደረገውን እኛ ለወንድማችን መከልከል አይገባንም።

ይህ ሁሉ የታሰረን ሰው በማግስቱ ያስፈታል አልልም። ግን ሲፈታ፣ ኢንሻአላህ፣ የሚጠብቀው ሕዝብ በስሙ የማያፍር ሕዝብ መሆን አለበት። የእኛ ድርሻ ይህ ነው፤ ለዚህም ፈቃድ የምንጠይቀው አካል የለም።

ያ ልጅ በኋላ ሐረካትን ጨርሶ ወደ ተንዊን ገባ። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሙን ይዞልኝ መጣ። ትንሹ ሰሌዳውን እያየ «ያቺ ከላይ ያለችው ምንድን ናት?» ብሎ ጠየቀው። እኔ ልመልስ ስል ትልቁ ቀደመኝ። «ፈትሐ ናት» አለው። «ሐረካት ይባላሉ። እነሱ ከሌሉ ፊደሉ አይናገርም።»

አላህ (ሱ.ወ) አንደበታችንን ከሐሰትም ከስድብም ይጠብቅልን፤ ለአገራችንም ፍትሕን ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።